በመካከለኛ ዕድሜ ወደ አይቲ ሥራ ለሚዞሩ፦ የመጀመሪያውን ሰርተፍኬት የመምረጫ ዝርዝር መመሪያ

ሙያ ለመቀየር የቆረጡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «የትኛውን ሰርተፍኬት ልውሰድ?» ጥያቄው ከመሃል የተጀመረ ነው። በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ሊሠሩት የሚፈልጉት ሥራ ነው፤ ሰርተፍኬቱ የሚገኘው ከሥራ ማስታወቂያው ውስጥ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው ገንዘቡን ያባክናል፤ ከገንዘቡም በላይ፣ ሥራና ቤተሰብ ላለው ሰው እንደ ልብ የማይገኘውን የምሽት ሰዓት ያባክናል።

ሦስት ስህተቶች ደጋግመው ያጋጥሙኛል። አንደኛው፣ የዓመታት የሥራ ልምድ የሚጠይቅ ከፍተኛ ሰርተፍኬት ላይ ዘሎ መውጣት ነው። ሁለተኛው፣ አራት አምስት ቀላል ሰርተፍኬት ሰብስቦ አንድም ማመልከቻ ሳይልኩ መቅረት ነው። ሦስተኛው፣ የሥልጠና ማጠናቀቂያ ወረቀትን ፈተና ተፈትነው ከሚያገኙት የብቃት ማረጋገጫ ጋር ማምታታት ነው። ከታች ያሉትን ደረጃዎች በተራቸው ይሂዱባቸው። ደረጃ 1ን ሳይጨርሱ ወደ ደረጃ 3 አይዝለሉ።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

- አንድ ደብተር ወይም የሠንጠረዥ ፋይል። በጭንቅላት ይዤዋለሁ አይበሉ።
- የሳምንት የጥናት ሰዓት ቁጥር። «ጊዜ ሳገኝ» የሚባል ሰዓት የለም። ባለፉት ሁለት ሳምንታት በእያንዳንዱ ቀን ከሥራና ከቤት ጉዳይ በኋላ በትክክል ምን ያህል ነጻ ሰዓት እንደነበረዎት ይጻፉ፤ ከዚያ ላይ አንድ ሦስተኛውን ይቀንሱ። ልጅ ይታመማል፣ ሥራ ያመሻል። የቀረው ቁጥር እቅድዎ የሚቆምበት ነው።
- ለሁለት ጊዜ ፈተና የሚበቃ ገንዘብ። አንዴ ብቻ ለመፈተን የሚበቃ ገንዘብ ይዞ የሚገባ ሰው በፍርሃት ይፈተናል።
- ኮምፒውተር። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ያስጀምራል፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ምናባዊ ኮምፒውተር (በኮምፒውተርዎ ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) ለማስነሳት ግን 16 ጊጋባይት ያስፈልጋል።
- ስምዎ በላቲን ፊደል የተጻፈበት፣ ጊዜው ያላለፈበት መታወቂያ ወይም ፓስፖርት። ይህን ለመጨረሻ ሳምንት አያቆዩት፤ ምክንያቱን ደረጃ 7 ላይ ያገኙታል።

ደረጃ 1፦ ሥራውን ይምረጡ

1.1 ማስታወቂያ ይሰብስቡ። ሊቀጠሩበት በሚችሉበት አካባቢ፣ ወይም ከቤት ሆነው ሊሠሩት የሚችሉትን፣ ከ25 ያላነሱ የጀማሪ ደረጃ የሥራ ማስታወቂያዎች ያስቀምጡ። ሲፈልጉ «አይቲ» ብለው ብቻ አይጻፉ። የአይቲ ድጋፍ ባለሙያ፣ ሄልፕ ዴስክ (የተጠቃሚዎችን ችግር ተቀብሎ የሚፈታ ክፍል)፣ ጁኒየር የኔትወርክ አስተዳዳሪ፣ የሶፍትዌር ፈታሽ፣ ጁኒየር የዳታ ተንታኝ፣ የሳይበር ደኅንነት ክትትል ተንታኝ በሚሉ መጠሪያዎች ይፈልጉ።

1.2 ሠንጠረዥ ይሥሩ። ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ አምስት ነገር ይመዝግቡ፦ የሥራው መጠሪያ፣ የተጠቀሰው ሰርተፍኬት፣ «ግዴታ ነው» ወይስ «ቢኖር ይመረጣል» የሚለው፣ የተጠየቀው የልምድ ዓመት፣ በስም የተጠቀሱ ሶፍትዌሮችና መሣሪያዎች።

1.3 ይቁጠሩ። ከ25ቱ በ8 ወይም ከዚያ በላይ የተጠቀሰ ሰርተፍኬት ካለ ወደ እጩ ዝርዝርዎ ያስገቡት። ከ3 በታች የተጠቀሰውን፣ ማስታወቂያው የቱንም ያህል ቢያጓጓ፣ ይተዉት። ይህ የእኔ መስፈሪያ ነው። ቁጥሩን ትንሽ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይችላሉ፤ መቁጠሩን ግን አይተዉ።

ችግር ሲገጥም

ሁሉም ማስታወቂያ የሦስት ዓመት ልምድ ከጠየቀ፣ የያዙት መጠሪያ ለጀማሪ ከፍ ያለ ነው። አንድ ደረጃ ወርደው ይፈልጉ። የኔትወርክ አስተዳዳሪ ከከበደ የኔትወርክ ድጋፍ ቴክኒሻን፣ እሱም ካልተገኘ ሄልፕ ዴስክ። ከሄልፕ ዴስክ መጀመር ውርደት አይደለም፤ የሙሉ ድርጅት ኮምፒውተሮች በምን በምን እንደሚበላሹ በጥቂት ወር ውስጥ የሚማሩበት ቦታ ነው።

በሃያ አምስቱ ውስጥ ሃያ አምስት ዓይነት ሰርተፍኬት ከወጣ፣ ሁለት ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ደባልቀዋል ማለት ነው። ክምሩን በመጠሪያ ይከፋፍሉና አንዱን ብቻ አስቀርተው እንደገና ይሰብስቡ።

ሰርተፍኬት የሚባል ነገር ጭራሽ ካልተጠቀሰ፣ ምናልባት የመረጡት የፕሮግራሚንግ ሥራ ነው። በዚያ መስክ ቀጣሪ በአብዛኛው የሚመለከተው የሠሩትን ሥራ ነው፤ የፈተና ገንዘብዎን ይያዙና ሦስት የተሟሉ ፕሮጀክቶችን ሠርተው ለማሳየት ይዘጋጁ። ይህ መመሪያ ለእርስዎ እዚህ ላይ ያበቃል።

ደረጃ 2፦ የቀድሞ ሙያዎን ከአዲሱ ጋር ያስተሳስሩ

ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ሥልጠና እንደጨረሰ ወጣት ራሱን ባዶ አድርጎ ማቅረብ የለበትም። ከወጣቱ ጋር በፍጥነት ቢወዳደር ሊቀደም ይችላል፤ በሚያውቀው መስክ ላይ ግን ወጣቱ ሊደርስበት አይችልም።

2.1 ባለፉት ዓመታት በሥራ ቦታዎ የተጠቀሙባቸውን ሶፍትዌሮችና መሣሪያዎች ሁሉ ይጻፉ።

2.2 ባልደረቦችዎ «እስቲ ይህን እይልኝ» ብለው ወደ እርስዎ የሚመጡባቸውን አምስት ጉዳዮች ይጻፉ።

2.3 ሁለቱን ዝርዝሮች ከደረጃ 1 ሠንጠረዥ ጎን አስቀምጠው የሚገናኙበትን ቦታ ያክብቡ። ከቀድሞ ሙያዎ ወደ አዲሱ የሚያሻግርዎ ድልድይ ይህ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። የሒሳብ ባለሙያ ወር ሲዘጋ ሶፍትዌሩ ለምን እንደማይመጣጠን ያውቃል፤ የሒሳብ ሶፍትዌር የሚደግፍ ቡድን ዴቢትና ክሬዲት የሚገባው ሰው ሲያገኝ ከማስተማር ይድናል። ነርስ የታካሚ መዝገብ ሥርዓት ሲቋረጥ ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚፈጠር በዓይኗ አይታለች። መምህር አንዱን ነገር በአራት መንገድ ማስረዳት ይችላል፤ የተጠቃሚ ድጋፍ ሥራ ግማሹ ይኸው ነው። የኤሌክትሪክ ወይም የስልክ መስመር ሠራተኛ ኬብል መዘርጋትና ጉድለት መፈለግ ስለሚያውቅ ወደ ኔትወርክ ለመዞር መንገዱ አጭር ነው። የምርት ጥራት ተቆጣጣሪ የሶፍትዌር ፍተሻን አስተሳሰብ ቀድሞም ይዞታል።

ማስጠንቀቂያ፦ የቀድሞ ሥራዎን ጠልተው ከሆነ የሚለቁት፣ ድልድዩ ወደዚያው ሥራ እንዳይመልስዎ ይጠንቀቁ። ሥራውን ለሚሠሩት ሰዎች ሶፍትዌር መደገፍና ሥራውን ራሱን መሥራት የተለያዩ ቢሆኑም፣ ሰዎቹና ቃላቱ ግን እነዚያው ናቸው።

ደረጃ 3፦ ከእጩዎቹ አንዱን ብቻ ይምረጡ

በመጀመሪያ ሁለቱን የወረቀት ዓይነቶች ይለዩ። አንደኛው በኮርሴራና በመሳሰሉት የኢንተርኔት ትምህርት መድረኮች የሚሰጥ የሥልጠና ማጠናቀቂያ ነው፤ የጉግል የአይቲ ድጋፍ ሥልጠና የዚህ ምሳሌ ነው። ትምህርቱን ጨርሰው የቤት ሥራውን ሲያልፉ ይሰጥዎታል። ሁለተኛው በተቆጣጣሪ ፊት ተፈትነው የሚያገኙት የብቃት ማረጋገጫ ነው። የመጀመሪያው ለመማርና መስኩ ይስማማኝ ይሆን ብሎ ለመፈተሽ እጅግ ጥሩ ነው። ማስታወቂያው በስም ሁለተኛውን ከጠየቀ ግን የመጀመሪያው አይተካውም።

ቀጥሎ በሥራው አቅጣጫ ይሂዱ።

የተጠቃሚ ድጋፍ

የተለመደው መነሻ ኮምፕቲያ የተባለው የአይቲ ፈተናዎች አዘጋጅ የሚሰጠው ኤ ፕላስ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፦ ኤ ፕላስ ሁለት ፈተና ነው፤ ሁለቱም ለየብቻ ይከፈልባቸዋል፣ አንዱን ብቻ ያለፈ ሰው ሰርተፍኬት አያገኝም። እያንዳንዱ 90 ደቂቃና እስከ 90 ጥያቄ አለው። ማለፊያው ከ900 የመጀመሪያው 675፣ ሁለተኛው 700 ነው። የመጀመሪያው በሃርድዌር፣ በኔትወርክና በተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች ላይ ያተኩራል፤ ሁለተኛው በኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በደኅንነትና በሥራ አካሄድ ላይ። ኮምፒውተር አስነስቶ ሰነድ ከመጻፍ ያለፈ ልምድ ከሌለዎት ከዚያ በፊት የሚቀድም ቴክ ፕላስ የሚባል ቀለል ያለ ፈተና አለ፤ ነገር ግን ቀጣሪ በስሙ ሲጠይቀው እምብዛም አላየሁም። ትምህርቱን ይማሩ፣ ፈተናውን ይዝለሉት።

ኔትወርክ

ምርጫው በአብዛኛው በኮምፕቲያ ኔትወርክ ፕላስና የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ በሚሰጠው ሲሲኤንኤ መካከል ነው። ኔትወርክ ፕላስ የአንድ አምራች መሣሪያ ላይ ሳይታሰር ጽንሰ ሐሳቡን ይሸፍናል። ሲሲኤንኤ 120 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ራውተርና ስዊች የተባሉትን የኔትወርክ መሣሪያዎች ትእዛዝ እየጻፉ ማዋቀርን የሚጠይቅ፣ ከበድ ያለ ፈተና ነው። ለሁለቱም ግዴታ የሆነ ቅድመ ሁኔታ የለም። ማስታወቂያዎችዎ በግልጽ ሲሲኤንኤ የሚሉ ከሆነና በሳምንት ከአሥር ሰዓት የማያንስ ካለዎት በቀጥታ ወደ እሱ ይሂዱ፤ ሁለቱን መደራረብ በአብዛኛው አንዱን ይዘት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ሲሲኤንኤ ገና ከከበደ ሲስኮ ሲሲኤስቲ የተባለ የመግቢያ ደረጃ አለው፤ ፈተናው 50 ደቂቃ ነው።

ክላውድ

ክላውድ ማለት በኢንተርኔት የሚከራዩት የኮምፒውተር አገልግሎት ነው። የማይክሮሶፍቱ ክላውድ የአዙር መሠረታዊ ፈተና ኤዜድ-900 እና የአማዞኑ ክላውድ ፕራክቲሽነር እዚህ ይመደባሉ። የአማዞኑ 65 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ነው፤ ማለፊያው ከ1000 ውስጥ 700። ሁለቱም የቃላትና የጽንሰ ሐሳብ ፈተናዎች ናቸው። ለሽያጭ፣ ለግዥ ወይም ለፕሮጀክት ሰው ብቻቸውን ዋጋ አላቸው፤ የቴክኒክ ሥራ ለሚፈልግ ግን መግቢያ እንጂ መቀጠሪያ አይደሉም። የትኛውን እንደሚወስዱ ሠንጠረዥዎ ይነግርዎታል። ሁለቱንም አይውሰዱ።

ሳይበር ደኅንነት

ብዙ ሰው ከዚህ መጀመር ይፈልጋል፤ ሲፈልግም ይጎዳል። ሴኩሪቲ ፕላስ የኮምፕቲያ የደኅንነት ፈተና ነው፤ አዘጋጆቹ ከፈተናው በፊት ኔትወርክ ፕላስና የሁለት ዓመት ልምድ ቢኖር ይመክራሉ፤ ግዴታ አይደለም፣ ምክር ነው፣ ምክሩ ግን እውነት ነው። አንድ የኔትወርክ ፓኬት (በኔትወርክ የሚላክ የመረጃ ቁራጭ) ከየት ወደየት እንደሚሄድ የማያውቅ ሰው ጥቃቱን ሊያውቅ አይችልም። ይህን መንገድ ከቆረጡ መጀመሪያ የኔትወርክን ይዘት ይማሩ፣ ፈተናውን ባይፈተኑም እንኳን፤ ከዚያ ወደ ሴኩሪቲ ፕላስ ይግቡ። አይኤስሲ2 የሚባለው ተቋም ለጀማሪ የሚሰጠው ሰርተፍኬትም አለ፤ እሱን ከመያዝዎ በፊት ግን በየዓመቱ የሚከፈል ክፍያ እንዳለው ይወቁ።

የሶፍትዌር ፍተሻ እና የአገልግሎት አስተዳደር

ለፍተሻ አይኤስቲኪውቢ ፋውንዴሽን፣ ለአይቲ አገልግሎት አስተዳደር አይቲል 4 ፋውንዴሽን አሉ። በሁለቱም 40 ጥያቄ፣ 60 ደቂቃ፣ ማለፊያው 26 ትክክለኛ መልስ ነው። በቃላት ትርጉም ላይ ስለሚያተኩሩ በቢሮ ሥራ ለቆየ ሰው ብዙ አያስቸግሩም። አይቲል ብቻውን አያስቀጥርም፤ ቀድሞ ሰው ሲመራ ወይም የደንበኛ አገልግሎት ሲያስተባብር ለነበረ ግን ጥሩ ማሟያ ነው።

አሁን የማይነኩ

ሲአይኤስኤስፒ የአምስት ዓመት የደኅንነት ሥራ ልምድ ይጠይቃል። ሲአይኤስኤምም እንዲሁ። የፕሮጀክት አስተዳደሩ ፒኤምፒ ዲግሪ ላለው ሰው የ36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድ ይፈልጋል፤ ይህ የመጨረሻው በቀድሞ ሙያዎ ፕሮጀክት ሲመሩ ከነበረ ሊሠራልዎ ይችላል፣ ያጣሩት። «ማንም ሰው በሦስት ወር ይይዘዋል» ብሎ ከእነዚህ አንዱን ለጀማሪ የሚሸጥ ማሠልጠኛ ካጋጠመዎት በሩን ዘግተው ይውጡ።

ደረጃ 4፦ ከመክፈልዎ በፊት ያጣሩ

እነዚህን በፈተናው ባለቤት ድረ ገጽ ላይ ራስዎ ያንብቡ፤ ከሰው አይስሙ።

ሀ. የፈተናው ቅጂ መቼ ይዘጋል? ፈተናዎች በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራሉ። ለምሳሌ የኤ ፕላስ 220-1201 እና 220-1202 በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ወጡ፤ የቀድሞዎቹ 220-1101 እና 220-1102 በዚያው ዓመት በመስከረም ተዘጉ። አንዱን ከአሮጌው፣ ሌላውን ከአዲሱ ቀላቅሎ ማለፍ አይቻልም። አሮጌ መጽሐፍ በርካሽ ገዝተው ስድስት ወር ካጠኑ በኋላ ይህን ማወቅ ያሳዝናል።

ለ. ሰርተፍኬቱ ስንት ዓመት ይቆያል? የኮምፕቲያ ኤ፣ ኔትወርክና ሴኩሪቲ ፕላስ፣ ሲሲኤንኤና የአማዞኑ ሦስት ዓመት ናቸው። የማይክሮሶፍት የመሠረታዊ ደረጃ አያልቅም፤ ቀጣዩ ደረጃ ግን በየዓመቱ በነጻ የኢንተርኔት ምዘና ይታደሳል።

ሐ. ፈተናው በየትኛው ቋንቋ ነው? እንግሊዝኛ የመጀመሪያ ቋንቋዎ ካልሆነ ተጨማሪ ሰዓት ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ። አማዞን 30 ደቂቃ ይጨምራል፤ የሚጠየቀው ግን የፈተናው ቀን ከመያዙ በፊት ነው። አይኤስቲኪውቢ 25 በመቶ ይጨምራል። ይህን መብት ሳያውቁ የሚፈተኑት ብዙ ናቸው።

መ. ቫውቸሩ (ቀድሞ የተከፈለበት የፈተና መግቢያ ኮድ) የት ይሠራል? የኮምፕቲያ ቫውቸር ከተገዛበት አገር ወይም ክልል ውጭ አይሠራም። «በግማሽ ዋጋ አለኝ» ከሚል ከማያውቁት ሰው አይግዙ። የማብቂያ ቀኑ ካለፈ በኋላም ቫውቸሩ ዋጋ የለውም።

ሠ. ከወደቁ ስንት ቀን ይጠብቃሉ? ደረጃ 8 ላይ ያገኙታል።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱን ያስሉና ያጥኑ

ደረጃ 3 ላይ የመረጡትን ፈተና ዝርዝር የይዘት ሰነድ ያውርዱ። ነጻ ነው፤ ፈተናው የሚያተኩርባቸውን ርእሶች ይዘረዝራል። ያትሙት። እያንዳንዱን መስመር ሲያነቡ «ለሌላ ሰው ላስረዳው እችላለሁ»፣ «ሰምቼዋለሁ»፣ «አላውቀውም» ብለው በሦስት ቀለም ይለዩ። የጥናት እቅድዎ ይህ ወረቀት ነው። የማስተማሪያ ቪዲዮው ቅደም ተከተል አይደለም።

ሰዓቱን እንዲህ ያስሉ። ለፈተናው 120 ሰዓት መደቡ እንበል፤ በሳምንት በርግጥ የሚያገኙት 8 ሰዓት ከሆነ 15 ሳምንት ነው። ለሕመምና ለድካም ሦስት ሳምንት ይጨምሩ። 18 ሳምንት። ቁጥሩ ከበዛብዎት የሳምንቱን ሰዓት በወረቀት ላይ አይጨምሩ፤ ወይ ቀለል ያለ ፈተና ይምረጡ፣ ወይ ቀኑን ያርቁ።

ግማሹን ሰዓት በእጅዎ ይሥሩበት። ምናባዊ ኮምፒውተር የሚፈጥረውን ቨርቹዋልቦክስ ጭነው ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያስነሱ፣ ተጠቃሚ ይፍጠሩ፣ ፈቃድ ይንፈጉ፣ ይመልሱ። ለኔትወርክ፣ መሣሪያዎቹን በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያለማምደው የሲስኮ ፓኬት ትሬሰር በነጻ ይገኛል። ለተጠቃሚ ድጋፍ አሮጌ ኮምፒውተር ፈትተው መልሰው ይግጠሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቪዲዮ ሲያዩ የሚሰማዎት «ገባኝ» የሚል ስሜት ያታልላል። መፈተሻው ቀላል ነው። ስለ አይፒ አድራሻ ክፍፍል ቪዲዮ አይተው ሲጨርሱ ባዶ ወረቀት ያውጡ፦ የስላሽ 26 (/26) ኔትወርክ ለመሣሪያዎች የሚሰጥ ስንት አድራሻ አለው? ከአድራሻው 32 ቢቶች 26ቱ ለኔትወርኩ ሲያዙ ለአስተናጋጅ (ለመሣሪያዎቹ) የሚቀሩት 6 ናቸው፤ ስድስት 2ዎችን እርስ በርስ ማባዛት (2×2×2×2×2×2) 64 ይሰጣል፤ አንዱ ለኔትወርኩ፣ አንዱ ለብሮድካስት (ለሁሉም በአንዴ ለሚላክ መልእክት) ሲወጣ 62 ይቀራል። ይህን ሳያዩ ከጻፉት ያውቁታል። ካልጻፉት አይተውታል እንጂ አላወቁትም።

ሁለት ሳምንት ሳያጠኑ ካለፉ፣ ካቆሙበት አይቀጥሉ። የይዘት ወረቀቱን አውጥተው አንድ ምሽት ቀለሞቹን እንደገና ይለዩ፤ ብዙ ጊዜ የጠፋው ከፈሩት ያነሰ ነው።

ደረጃ 6፦ የፈተናውን ቀን ይያዙ

የይዘቱ ሁለት ሦስተኛ «ላስረዳው እችላለሁ» የሚለው ቀለም ሲሆን ቀን ይያዙ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አርቀው። ቀን ያልተያዘለት ፈተና ሁልጊዜ የሚቀጥለው ወር ነው።

በእነዚህ ሳምንታት የልምምድ ፈተና ይሥሩ፤ በሰዓት ታጥረው፣ ሳያቋርጡ። ከዚህ በፊት ባላዩዋቸው ሁለት የልምምድ ፈተናዎች ላይ ከ100 ውስጥ 85 እስኪያገኙ ዝግጁ ነኝ አይበሉ። አንዱን የልምምድ ፈተና ለሦስተኛ ጊዜ ሲሠሩ የሚያገኙት 95 የማስታወስ ውጤት ነው። ለእያንዳንዱ የተሳሳቱት ጥያቄ ትክክለኛው መልስ ለምን ትክክል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ሌሎቹ ሦስቱ ለምን ስህተት እንደሆኑም ይጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ትክክለኛው የፈተና ጥያቄ» እያሉ የሚሸጡ ሰዎችን ይሽሹ። የተሰረቀ ጥያቄ መጠቀም ከፈተናው በፊት የሚፈርሙትን ስምምነት ይጥሳል፤ ሰርተፍኬቱ ይሰረዛል፣ ከፈተናም ሊታገዱ ይችላሉ። መልሶቹም ብዙ ጊዜ የተሳሳቱ ናቸው። ከሁሉም የከፋው ግን በቃለ መጠይቁ ቀን ነው፤ የያዙት ወረቀት የሚለውን ነገር ሲጠየቁ ዝም ይላሉ።

ደረጃ 7፦ የፈተናው ቀን

የተመዘገቡበት ስም ከመታወቂያዎ ጋር በፊደል ይመሳሰል። የእኛ ስሞች በላቲን ፊደል በሁለት በሦስት መንገድ ስለሚጻፉ ይህ ለእኛ ልዩ አደጋ ነው። የአያት ስምም ቢሆን በአንዱ ላይ ኖሮ በሌላው ላይ ከሌለ ያስቸግራል። ልዩነት ካዩ ከፈተናው ቀን ቀድመው ያስተካክሉ፤ በር ላይ አይስተካከልም።

የፈተና ጣቢያ በአቅራቢያዎ ካለ ጣቢያውን ይምረጡ። ከቤት መፈተን ምቹ ይመስላል፤ ነገር ግን ክፍሉ ባዶ፣ ጠረጴዛው የጸዳ፣ ስልኩ ከእጅ የራቀ መሆን አለበት፤ ሌላ ሰው ከገባ፣ ከካሜራው እይታ ከወጡ ወይም ጥያቄውን ድምፅ አውጥተው ካነበቡ ሊቋረጥ ይችላል። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ወይም የሚቆራረጥ መብራትና ኢንተርኔት ካለ አይሞክሩት። ከቤት መፈተን ግድ ከሆነ የመሣሪያ ፍተሻውን በዚያው ኮምፒውተር፣ በዚያው ክፍልና በዚያው ሰዓት አንድ ቀን ቀድመው ያድርጉ፤ በዕለቱም ከ30 ደቂቃ በፊት ይግቡ። መስመሩ ከተቋረጠ መስኮቱን እንደገና ከፍተው ለመመለስ ይሞክሩ፤ ካልሆነ የተቋረጠበትን ሰዓት ጽፈው በዚያው ቀን ለፈተናው አገልግሎት ሰጪ ያመልክቱ።

በኮምፕቲያ ፈተና የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ የተግባር ጥያቄዎች ናቸው፤ ረጅም ናቸው። እኔ በመጀመሪያ ፈተናዬ በአንዱ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጬ መጨረሻ ላይ ቀላሎቹን ሳላነብ መለስኩ። ምልክት አድርገው ይለፏቸው፣ ምርጫዎቹን ጨርሰው ይመለሱ። በሲስኮ ፈተና ግን ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ እዚያ አንዴ ያለፉትን ጥያቄ ዳግም አያገኙትም፣ ስለዚህ መልስ ሳይሰጡ አይለፉ።

የንባብ መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ ይዘው ይሂዱ። ይህን የምጽፈው ረስተው ዘጠና ደቂቃ ስክሪኑ ላይ ሲያፈጡ ስለቆዩ ሰዎች ስለማውቅ ነው።

ደረጃ 8፦ ከወደቁ

በዚያው ቀን፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ ያስቸገሩዎትን ርእሶች ለራስዎ ይጻፉ፤ ጥያቄውን ቃል በቃል አይደለም፣ ርእሱን። የውጤት ወረቀቱ ደካማ የሆኑበትን የይዘት ክፍል ይጠቁማል፤ ከቀለም ወረቀቱ ጋር ያመሳክሩት። «አውቀዋለሁ» ብለው የቀቡት ላይ ከወደቁ ችግሩ ጥናትዎ ሳይሆን ራስዎን የመዘኑበት መንገድ ነው።

ለዳግም ፈተና የመጠበቂያው ጊዜ ይለያያል። ማይክሮሶፍት ከመጀመሪያው ውድቀት በኋላ 24 ሰዓት፣ አማዞን 14 ቀን ያስጠብቃል። ኮምፕቲያ ለሁለተኛው ሙከራ መጠበቂያ የለውም፤ ለሦስተኛው ግን 14 ቀን አለ። መጠበቂያ ስለሌለ በማግስቱ አይሂዱ። በጥቂት ነጥብ ከወደቁ ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃል፤ በሰፊው ከወደቁ ስድስት ሳምንት ይያዙ፣ ከተግባር ልምምዱም ይጀምሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሁለቴ ከወደቁ ቆም ይበሉና ወደ ደረጃ 3 ይመለሱ። አንድ ደረጃ የሚቀድም ይዘት ተዘሎ ሊሆን ይችላል፤ በሴኩሪቲ ፕላስ ላይ የወደቁ ብዙዎች የጎደላቸው የኔትወርክ እውቀት ነው።

ደረጃ 9፦ ካለፉ በኋላ

በዚያው ሳምንት አምስት ማመልከቻ ይላኩ። ሁለተኛ ሰርተፍኬት አይጀምሩ። ከ30 ያላነሱ ማመልከቻዎች ልከው፣ የመጡትን መልሶች አይተው፣ ያኔ ይወስኑ። ለቃለ መጠይቅ ጭራሽ ካልተጠሩ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከሰርተፍኬቱ ሳይሆን ከማመልከቻው ነው፤ የደረጃ 2ን ድልድይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች ላይ አስቀምጠው እንደገና ይጻፉት። ተጠርተው በቴክኒክ ጥያቄ ከወደቁ ወደ ተግባር ልምምዱ ይመለሱ። ቀጣሪዎቹ በተደጋጋሚ አንድ የተለየ ሰርተፍኬት በስም ከጠየቁዎት ብቻ ሁለተኛውን ይጀምሩ።

በማመልከቻው ላይ የሃያ ዓመቱን ልምድ አይደብቁ፤ ነገር ግን ሁሉንም አይዘርዝሩ። ከአዲሱ ሥራ ጋር የሚነካካውን በሙሉ፣ የቀረውን በአንድ መስመር ይጻፉ። በቃለ መጠይቅ «በዚህ ዕድሜ ለምን?» ብለው ከጠየቁዎት ይቅርታ አይጠይቁ። በቀድሞ ሥራዎ ያዩትን አንድ የቴክኖሎጂ ችግር፣ እንዴት እንደፈቱት፣ አሁን ደግሞ ምን እንደተማሩ በሁለት ደቂቃ ይንገሯቸው፤ ቀድመው በቤት ይለማመዱት።

የሚታደስ ሰርተፍኬት ከያዙ የሚያበቃበትን ቀን ዛሬውኑ ይጻፉ፣ ከስድስት ወር በፊት የሚያስታውስ ማንቂያም ያስቀምጡ። የኮምፕቲያን ማሳደሻ በተከታታይ ትምህርት ነጥብ መሙላት ይቻላል፤ ኤ ፕላስ በሦስት ዓመት 20፣ ኔትወርክ ፕላስ 30፣ ሴኩሪቲ ፕላስ 50 ነጥብ ይፈልጋሉ። ከፍ ያለውን የኮምፕቲያ ፈተና ማለፍ ዝቅ ያለውን አብሮ ያድሳል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ለመፈተን ካሰቡ ቀኑን ከመጀመሪያው ማብቂያ በፊት ያድርጉት።